የቦዩ ዳር መንገድ

ስንዱ ለእናቷ ምሳ ይዛ፣ ከአዋሽ በተጠለፈው ቦይ ዳር ወደሚያልፈው የጠጠር መንገድ ስትገባ ብስክሌቷ በራሱ ቆመ። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ መንገድ ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው ንብረት ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ጎማ አይዞርም። ይህን መንገድ ግን ያበጁት እሷና ታናሽ ወንድሟ ግርማቸው ነበሩ፤ ጠጠሩን ከወንዙ በጆንያ እያመላለሱ። ብስክሌት መንዳት ያስተማረችውም እዚሁ ነው።

መሪው ላይ ባለው ትንሽ ስክሪን የባለመንገዱ ስም በራ፦ ግርማቸው። ብቻውን።

ደወለችለት።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመን ብዬ እኮ ነው» አላት።

«ታዲያ የኔ ስም የት አለ?»

«ጠዋት ጠዋት ፈቃድ ጠይቂኝ፤ አልከለክልሽም» አላት።

ስንዱ ስልኩን ዘጋችው። መንገዱን በእግሯ መርገጥ እንኳ አስጠላት። ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደግፋ፣ ምሳ ዕቃውን ከፍ አድርጋ ይዛ በቦዩ ውስጥ ወደ እናቷ ቤት መራመድ ጀመረች። ውሃው ወገቧ ድረስ መጣ።

እናቷ ቤት ስትደርስ ምሳው ቀዝቅዟል።

«ምነው እንዲህ በሰበስሽ፣ ልጄ? ግርማቸው አብሮሽ አልመጣም?»

«እሱ መንገድ አለው፣ እማ» አለች፣ ቀሚሷን እየጨመቀች።