የአዛዡ መጋረጃ

ዩኤቺን የአየር ማጣሪያውን ወንፊት ፈታ በጣቷ ዳበሰችው። በጠፈር ጣቢያው ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ፣ ብሎንም ይሁን ካልሲ፣ ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ መጨረሻው እዚህ ነው። ዛሬ ግን ከፀጉርና ከብናኝ በቀር ምንም የለም። የሐር ትሏ የለችም።

ሌሎቹ ትሎች ላይና ታች በሌለበት ስፍራ ግራ ገብቷቸው፣ ክር ሳያወጡ ሞተዋል። የቀረችው ይህችው ነበረች። እሷም ካልፈተለች፣ ዩኤቺን ወጣትነቷን የጨረሰችበት ጥናት ውሃ በላው ማለት ነው።

“ምን ያደክምሻል?” አለ የጣቢያው መሐንዲስ ቶንግ፣ ከታሸገው ሩዝ እየጎረሰ። “አዛዣችንን፣ ወንድም ጋሼን፣ ጠይቂያቸው። እሳቸው አገር ሐሩን ከወሰዱ በኋላ ትሉን በጨው ጠብሰው ነው የሚበሉት።”

አላሳቃትም። የአዛዡ የሼን ሁኔታ ከትናንት ጀምሮ አላማራትም። የመኝታ ጓዳቸውን መጋረጃ ዘግተው፣ ራሳቸውን መተላለፊያው ላይ ከግድግዳ ጋር አስረው አደሩ። “ሙቀቱ ነው” አሉ። ጓዳቸው ግን ከሁሉም ይበርዳል። ጥናቱ ይቅር የሚል ትእዛዝ ደርሷቸው ቢሆንስ? በሬ ካራጁ ይውላል፣ አለች በሆዷ፤ የኪስ ባትሪዋን ይዛም ወደ መጋረጃው ተንሳፈፈች።

ሼን ቀድመዋት ቆመዋል።

“ወንድም ጋሼ፣ ያሳልፉኝ።”

“ነገ ጠይቂኝ።”

“ነገ? አሁን እኮ ከምድር ሊደውሉ ነው! ትሏ የት ደረሰች ሲሉኝ ምን ልበል? እርስዎ ነዎት የወሰዷት!”

“ድምፅሽን ቀንሺ አንቺ ልጅ።”

“አልቀንስም!”

ሼን በረጅሙ ተነፈሱና መጋረጃውን ጣት የምታሳልፍ ያህል ገለጥ አደረጉላት። “በዓይንሽ ብቻ።”

ግድግዳው ላይ የታሰረ አሮጌ ሹራብ አለ። እጅጌው እጥፋት ውስጥ ትሏ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትፈትላለች። ሰውነቷ በስስ ነጠላ እንደተሸፈነ ሰው በከፊል ይታያል።

“የሳጥኗ ክዳን ክፍት ሆኖ ተንሳፍፋ መጣች” አሉ ሼን በሹክሹክታ። “እናቴ ትሎቿ መፍተል ሲጀምሩ በሯን ዘግታ ጎረቤት እንኳ አታስገባም። ጀመሩ ብላም አታወራም፤ ከተወራ ያቆማሉ ትላለች። እስከ ነገ ትጨርሳለች፤ ዛሬ ብነግርሽ መብራትና ካሜራ ይዘሽ ትመጪ ነበር። ክዳኑን ማን ከፍቶ እንደተወው ግን አልጠየቅሁሽም።”

ዩኤቺን ፊቷ በእፍረት ጋለ። እጇ ላይ ያለውን ባትሪ አጠፋች።

“ዩኤቺን! ከምድር እየጠሩሽ ነው!” ቶንግ ማንኪያውን እንደያዘ ብቅ አለ። ሁለቱን አየ፣ መጋረጃውን አየ። “ምንድን ነው እናንተ የምትደብቁት?”

መጋረጃውን ቀስ ብላ ዘግታ በጀርባዋ ከለለችው።

“ነገ ጠይቀኝ” አለች። “እነሱንም፣ ነገ ትነግራችኋለች በላቸው።”

ቶንግ አልሄደም። በጥርጣሬ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳይነቅል ማንኪያውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።