ሆዱ ውስጥ የቀረው

እማ ሻለቃዋን ደረቷን ገፍታ ከሱቃችን ደጃፍ አስወጣቻት።

«ልጄን እብድ ብላችሁ መለሳችሁልኝ፤ አሁን ደግሞ ምን ቀራችሁ?»

ደጅ የተቆለለው የብርድ ልብስ ጥቅል ባይደግፋት ኖሮ ሴትዮዋ በጀርባዋ ትወድቅ ነበር። መርካቶ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲገፋ ማየት አልለመደም። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ቆሙ። ጎረቤታችን ጋሼ ኑሪ መቀሳቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ሻለቃ ሰብለ ወንጌል እባላለሁ» አለች ኮፍያዋን ከመሬት እያነሳች። «ከደህንነት ክፍል ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ኑሪ ይህን ሲሰሙ ሹልክ ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

«የታካሚዎች ደህንነት!» አለች ቶሎ ብላ። «ሱፍያን በታከመበት በጦሩ ሆስፒታል፣ ታካሚ በሕክምና ስህተት እንዳይጎዳ የምከታተለው እኔ ነኝ። የት ነው ያለው?»

እማ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ነው የምፈራት። «ጠባቂው አንቺ ነሽ? ወላሂ ጥሩ ጠብቀሽልኛል! ግቢና እዪው!»

ወንድሜ ከሱቁ ጀርባ፣ ገና ባልተፈቱት ዕቃዎች መሀል ተኝቷል። ጦር ግንባር ላይ ፍንጣሪ ሆዱን መትቶት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ቁስሉ ላዩ ቢደርቅም ሕመሙ አልለቀቀውም። «ውስጤ የሆነ ነገር አለ» እያለ በሄደ ቁጥር ማስታገሻ እየሰጡ መለሱት። በመጨረሻም ሕመሙ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ብለው ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «የሰዓደት ልጅ አማኑኤል መግባት ነው የቀረው» ይላል። እማም ብቻውን ቤት ትታው መምጣት ፈራች።

ሻለቃዋ ተንበርክካ ሸሚዙን ገለጠች። ጣቷ ሆዱን ገና ሲነካው ሱፍያን የብርድ ልብሱን ጫፍ ነከሰ። ሆዱ ተነፍቶ እንደ ጣውላ ጠጥሯል፤ ገላው ይፋጃል።

«እንዲህ ማተኮስ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ቀና ብላ እማን አየቻት። «እትዬ፣ ልጅዎ አላበደም። ሆዱ ውስጥ ጨርቅ ቀርቷል።»

«የምን ጨርቅ?»

«ቀዶ ሕክምና ላይ ደም የሚመጠጥበት። ሆዱ ከመሰፋቱ በፊት ተቆጥሮ መውጣት ነበረበት። ነርሷ አንድ ጎድሏል ብላለች። ቀዶ ሐኪሙ ግን መቁጠር አትችይም ብሎ ተቆጥቷት ሰፋው። ፈርታ አፏን ይዛ ቆየች፤ የነገረችኝ ትናንት ነው።»

ሱፍያን እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘኝ። «ሰማሽ ሉብና?» አለ። «ሰማሽ አይደል?» ከጦር ግንባር ቆስሎ ሲመጣ ያላለቀሰው ልጅ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እማ አላለቀሰችም። «ትናንት አውቀሽ» አለች ቀስ ብላ፤ «ትናንት አውቀሽ፣ ዛሬ መጣሽ?»

«ለኮሎኔሉ ወዲያው ነገርኳቸው። አምቡላንስ ጠየቅኩ። ጉዳዩ በስብሰባ እስኪታይ ቤተሰቡ እንዳይሰማ አሉኝ። የሠራዊቱ ስም ይነሳል አሉ። ሌሊቱን...»

እማ በጥፊ አጮለቻት።

እኔ ራሴን ያዝኩ። ሻለቃዋ ግን ጉንጯን እንኳ አልነካችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በንዴት ጥርሷን ነክሳ «ልክ ነዎት» አለች። «ትናንቱኑ መምጣት ነበረብኝ። አሁን እናንሳው።»

«ወደዚያው? ሞቼ ነው ልጄን እዚያ የምመልሰው!»

«ወደዚያ አይደለም። ሌላ ሆስፒታል የማውቀውን ሐኪም ለምኜዋለሁ፤ ክፍሉን አዘጋጅቶ እየጠበቀን ነው። መኪና አስፋልቱ ዳር አቁሜያለሁ፤ እዚህ ድረስ አይገባም።»

እማ አንድ ጊዜ ሱፍያንን፣ አንድ ጊዜ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ከመደርደሪያው ወፍራሙን ብርድ ልብስ ጎትታ መሬት ላይ ዘረጋችና ወደ ደጅ ጮኸች። «ምን ትገተራላችሁ? ኑ አንሱልኝ!»

ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ጥለው ገቡ። ጋሼ ኑሪም መጥተው በአንድ በኩል ያዙ። ሱፍያንን በብርድ ልብሱ አንጠልጥለን ልክ ደጁን ስናልፍ የሻለቃዋ ስልክ ጠራ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«የት ነሽ አንቺ?» የኮሎኔሉ ድምፅ ነው።

«መርካቶ፣ ታካሚው ጋ ነኝ ጌታዬ።»

«አትሂጂ ብዬ አላዘዝኩሽም? አሁኑኑ ተመለሽ! ማዕረግሽን ነው የማስገፍፍሽ፤ ትሰሚኛለሽ?»

እማ ስልኩን ነጠቀቻት።

«እናቱ ነኝ!»

ስልኩ ዝም አለ።

«እናቱ ነኝ አልኩህ! ልጄ ሆድ ውስጥ ምን ረስታችሁ ነው?»

«ሄሎ? ሄሎ?» አለ ኮሎኔሉ። «አይሰማም።» ዘጋው።

ያን ዕለት ማታ ጨርቁን ከወንድሜ ሆድ አወጡለት፤ በሕይወት ተረፈ። ሰብለ ወንጌልን ትእዛዝ ጥሰሻል ብለው ከኃላፊነቷ አነሷት። ቀዶ ሐኪሙ እስካሁን ይሠራል።

ከዓይኔ የማይጠፋው ግን እማ ናት። ሻለቃዋ ከፊት እየሮጠች መንገድ ታስለቅቃለች፤ ጋሪው፣ ሸቀጡ፣ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይላል። እማ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ የተዘጋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከብርድ ልብሱ ጎን ትሮጣለች። መርካቶ ጫጫታውን ትቶ ያዳምጣታል። እሷ ግን የሚሰማት ኮሎኔሉ መስሏት ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች።

«አሁንስ ይሰማል? አሁንስ?»