የጎደለው አንድ ሜትር

ይህን ልጅ የት ልደብቀው? አልጋ ሥር አይገባ፣ ጓዳ የለን። የልጅ ልጄ ዶማውን እንደጨበጠ መሃል ቤት ቆሟል፤ ከዶማው ደም ይንጠባጠባል።

ቦታችን መቀነት ታህላለች። ወረዳው “ወርዱ አንድ ሜትር ይጎድለዋል፣ ቤት ለመሥራት አንፈቅድም” ካለው ወዲህ ልጁ እንቅልፍ የለውም፤ ሠርጉም በዚሁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

“ወንድይፍራው የድንበሩን አጥር ሲነቅል ደረስኩበት፣ እማዬ! ያቺኑ ጭላጭ መሬት ሊቀማን! አናቱን አልኩት።”

“ውይ ልጄን! ጎረቤትህን? በዶማ?”

በሩን ልቀረቅር ስል የወንድይፍራው ሚስት ትርንጎ ገፍታኝ ገባች። ነጠላዋ በደም ርሷል። ልጄን ከኋላዬ ሸሸግሁት።

“እትዬ፣ አጥሩን እኮ ወደ እኛ ግቢ ሊያስጠጋላችሁ ነበር” አለች። “‘የጎደላቸውን ሜትር ከእኛ ይውሰዱ፣ ልጁም ቤቱን ሠርቶ ያግባ’ ብሎ። ልንገራቸው ስለው፣ ‘ተይ፣ ሲያልቅ ያዩታል’ አለኝ።” ከዚያ ድምጿ ወረደ። “ገና ይተነፍሳል፤ ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ።”

ልጁ ዶማውን እግሬ ሥር አስቀመጠና ወደ እነሱ ግቢ ቀድሟት ወጣ።