ቀይ ጨርቅ የታሰረበት መጥበሻ

ሞገስ ሽሮውን በትልቁ እየጠቀለለ ያወራል። በቀጥታ ከቅዳሴ ነው የመጣው፤ ጠበል ከጠጣ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። "ፋዲላ የሳምቡሳዋን ምስር በሞራ ነው አሉ የምታሸው" አለ አጠገቡ ለተቀመጡት ሾፌሮች፣ ጣቱን እየላሰ። "በዐቢይ ጾም! አይቻለሁ የሚል ሰው አለ።"

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሶስና ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማዋለች።

ሞራው ከየት መጣ? ከሦስት ሳምንት በፊት ሞገስ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ "የጎረቤትሽ የፋዲላ ሳምቡሳ የጾም ነው?" ብሎ ሲጠይቃት ስለ ሞራ ትንፍሽ አላለችም። "እኔ እንጃ፤ ለማፍጠሪያ የሥጋውንም ትጠብስ የለ" ነው ያለችው። ውሸት አልነበረበትም። ፋዲላ ሁለት መጥበሻ እንዳላት፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ለክርስቲያን ደንበኞቿ ብቻ እንደሆነ፣ ያንን መጥበሻ የሰጠቻትም ራሷ ሶስና እንደሆነች ግን ዋጥ አደረገችው። ያን ቀን ሽሮዋ አልሸጥ ብሏት ነበር።

ወሬውን ሾፌሮች እስከ ጀውሃ ከተማ አደረሱት። በመናኸሪያው የጾም ሳምቡሳ የሚገዛ ጠፋ። ይኸው ዛሬ ፋዲላ ምድጃዋን ነቅላ ባጃጅ ላይ እየጫነች ነው፤ እናቷ ቤት ልትገባ። ሶስና ባጃጁ ሳይነሣ አንድ ነገር ልትናገር ከጠዋት ጀምሮ ታስባለች፤ እስካሁን ግን ሽሮ ስታወጣ ነው የቆየችው።

"እትዬ ሶስና፣ ዕቃዎን አምጥቼ ነው።"

ፋዲላ ናት። ከንፈሯ በረመዳን ጾም ደርቋል። መጥበሻውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ውስጡ አራት ሳምቡሳ አለ። "ባዶውን ልመልሰው አፈርኩ። የምስር ናቸው" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሥጋ ነክቶት አያውቅም እትዬ፤ እርስዎም ያውቃሉ፣ አላህም ያውቃል።" መልስ አልጠበቀችም። ወጣች።

"በአመድ ሳትፈትጊ እንዳትጠቀሚበት" አለ ሞገስ አፉን ሞልቶ።

"ጋሼ ሞገስ፣ መጥበሻውን የሰጠኋት እኔ ነኝ" አለች ሶስና። "ለጾም ብቻ ነው የያዘችው። አውቅ ነበር። ያን ቀን አውቄ ነው የደበቅሁዎት፤ ገበያዬን ወስዳብኝ።"

ሾፌሮቹ ከትሪው ቀና አሉ። የሞገስ ፊት በራ።

"አያችሁ፣ ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው" አለ። "የጎረቤቷን ገመና ለመሸፈን ራሷን ትወቅሳለች። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

ከሞራው ወሬ ይልቅ ይሄ ምርቃት አስጠላት። የጣለችውን ቃል ላንሣ ብላ ብትጎነበስ ሰው ቆሞበታል። ሞገስን ልትጠላው ፈለገች፤ ግን እሱ የሚያላምጠው የሷን ቃል ነው፣ እሷ በሰፈረችለት ልክ፣ ትንሽ ሞራ ጨምሮበት። የገዛ አፏ ሸተታት።

መጥበሻውን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። "ቅመሱ" አለች። ማንም እጁን አልሰነዘረም። ሞገስ እንዲያውም ነጠላውን ሰብስቦ ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ውጭ ባጃጁ ተነሣ፤ ድምፁ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ከመኪናው ጫጫታ ጋር ተቀላቀለ።

ሶስና አንዷን አንሥታ እፊታቸው ገመጠች። ምስሩ በደንብ በስሏል፤ ቃሪያውም አለ። ጨው ግን የለውም። ፋዲላ ጾመኛ ናት፤ ስትሠራው አልቀመሰችውም።