ሁለት ስልክ

እስከዳር ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮዋ ይዛ ቆማ ነበር። በግራዋ በቅርቡ አበርገሌ የከፈተችው ክሊኒክ ነርስ ነበረች። «ሲስተር፣ እማሆይ ትኩሳት ጠንቶባቸዋል። ኮምፒውተሩ ካርዳቸውን አልከፍትም አለኝ፤ የማይስማማቸው መርፌ የቱ ነበር?» በቀኟ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከወልድያ ያወራታል፤ የመጀመሪያ ክሊኒኳን ሰቆጣ ላይ በአንዲት ክፍል ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ የሚጠግንላት፣ ልጇንም ክርስትና ያነሳላት እሱ ነው።

«አይዞሽ አበልጄ፣ አጥፍተሽ አብሪው።»

«አጥፍተን አበራነው።»

«እንግዲያው ከጠረጴዛሽ ሥር ያለውን ገመድ ነቅለሽ ሰኪው።»

ለምዶባት የቀኙን ስልክ በትከሻዋ ደግፋ ጎንበስ አለች። ገመዱን እንደያዘች እጇ ባለበት ቀረ። «የኔማ ደህና ነው። የተበላሸው የአበርገሌው ነው።»

«አበርገሌም ከፈትሽ እንዴ?» ድምፁ በደስታ ሞላ። «እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ሲስተር፣ ምን ልስጣቸው?» አለች ነርሷ።

እስከዳር የቀኙን ስልክ ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ምርቃቱ ከሥሩ ይሰማት ነበር።