የዱባለ ሞራል

ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ካለበት ቀን ወዲህ ዱባለ አልጋ ላይ ዋለ። አየር ጤና ያለው ጋራዡ ውስጥ ሞተር ብቻውን ያነሳል የሚባልለት ሰውዬ፣ እህል አልወርድለት አለ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ ታሰረ።

ሚስቱ ሰርኬ ቀይ ሻሿን ሸብ አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«ፊቱን ያጠቆረ ጠያቂ አይገባም! ሐኪሙ የቤታችሁ ሞራል አይውደቅ ብሏል።»

ጎረቤታቸው እትዬ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ።

«እትዬ፣ ነጠላዎን ያስተካክሉ እንጂ። ገና ማንም አልሞተም።»

«ኧረ እናቴ፣ አንቺን ሳይ ሆዴ ባብቶ ነው።»

«እንግዲያው ሆድዎን ደጅ ትተውት ይግቡ።»

ገቡ። ጋቢ ውስጥ የተጠቀለለውን ዱባለን ሲያዩ ግን አልቻሉም።

«ወይኔ ልጄ! ምን አድርጎ ጨረሰህ!»

ዱባለም ለቅሶውን ለቀቀው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲነፋረቁ ሰርኬ ዘላ መሃል ገባች፤ እያጨበጨበች ጉራጊኛዋን ታስነካው ጀመር። ጥቂት እንደጨፈረች ትንፋሽ አጥሯት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። የዱባለ እግር ግን ከጋቢው ሥር ብቻውን ይመታ ነበር። ሳቀ። ስቅታ እስኪይዘው ሳቀና «ቆጮ የለም?» አለ።

በቀጠሮው ቀን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዱባለ በሰርኬ ትከሻ ተደግፎ ሲያቃስት ያየች ሴት ተነሳች።

«ለበሽተኛው ቦታ ልቀቁለት እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!»

ዱባለ ተቀመጠ። ሰርኬ ቆማ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ሳቅ ያድናል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሳቅ ዕጢ አይገድልም። የሚሠራው መድኃኒቱ ነው። ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ቀጠሮ ይቀራል፤ የቀረ ሰው ደግሞ መድኃኒት አያገኝም።»

«ሰማህ ዱባለ?»

«ሞት ቢመጣስ?» አለ ዱባለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ተቀምጦ ይጠብቃላ። እኛ ቀጠሮ አለን።»

ነርሷ ግሉኮሱን ሰቅላ መርፌ ይዛ ስትጠጋ ዱባለ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ የሕክምና ካርዱ ላይ ስሟ የተጻፈው ሰርኬም ሳቋን ሳትጨርስ የራሷን ክንድ ዘረጋችላት።