ሳሎኑ ተርሚናል የሆነ ዕለት

ከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንቡን በየወሩ ማደስ ከጀመረ ወዲህ፣ ወይዘሮ ትርፌ ወር በገባ ቁጥር ከእንቅልፋቸው ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ግድግዳቸውን ነው።

«ዛሬስ ምን ሆንን?»

«ሳሎንዎ የታክሲ ተርሚናል ሆኗል» አለ ግድግዳው፤ በሩንም ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ወይዘሮ ትርፌ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ልጃቸውን መክሊትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት በዚሁ ዕለት ነበር። ገና ሶፋውን ሳይወለውሉ ሰዉ ከቡፌው እስከ ደጅ ተሰለፈ። ባላቸው አቶ ደምሰው ግን «ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም» ብለው ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ተጎልተዋል።

ሽማግሌዎቹም እንደማንኛውም ተሳፋሪ ወረፋ ጠብቀው አቶ ደምሰው ፊት ደረሱ። ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

አቶ ደምሰው ልጁን አልወደዱትም። «እናስብበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«መልስ ሳናገኝማ ከዚህ አንነቃነቅም!»

«ኧረ አባባ፣ ሥራ ረፈደብን!» ብላ ጮኸች ዘንቢል የያዘች ሴት ከኋላ። «እነሱ ካላለፉ እኛም አናልፍም እኮ!»

«ይስጧቸው! ይስጧቸው!» አለ ሰልፉ በሙሉ።

አቶ ደምሰው መክሊትን አዩዋት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

«እሺ፣ ሰጥቻለሁ! በቃ እለፉ!»

ሰልፉ በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመርቁ ታክሲው መጥቶ ከተሳፋሪው ጋር ጠራርጎ ወሰዳቸው።

ወይዘሮ ትርፌ ልጃቸውን አቅፈው ትንሽ ማልቀስ አማራቸው። «ለእናትና ልጅ የተፈቀደው የቱ ጋ ነው?» ብለው ግድግዳውን ጠየቁ።

«ለዚህ ወር ቁም ሳጥኑ ብቻ ነው።»

ሁለቱም ካፖርቶቹ መሃል ተጣበው ገቡና በሩን ዘጉ። ለማልቀስ እንኳ ቦታ ስላልበቃቸው ሳቁ።